ከወንበሩ በላይ

የአገራችንን ስም አልጽፍም። የሚያውቀው ያውቀዋል፤ የማያውቀው ደግሞ ቢያውቀውም የሚጨምርለት ነገር የለም። እኔ ጓንጉል እባላለሁ፤ ሥራዬ ነጋሪት መምታት ነበር። የተማርኩት ጥቂት ነው። ያየሁትን ግን አልረሳም፤ ስለ ደምለው ያየሁትን እንዳየሁት አስቀምጣለሁ።

ደምለው የሳር ጣራ የሚከድን፣ ቤት ከዳኝ ነበር። በከተማችን ከእሱ በቀር ጣራ ላይ የሚወጣ ሰው አልነበረም። ሌላው ፈርቶ አይደለም፤ ሕግ ነው። በእኛ አገር ከባለወንበሩ በላይ ሆኖ መገኘት ክልክል ነው። ባለወንበሩ የምንላቸው አገሩን የሚያስተዳድሩትን ሰው ነው። ቤት የሚሠራ ሁሉ ከእሳቸው ወንበር አሳንሶ ይሠራል። ፍሬ የሚለቅም በዘንግ ያራግፋል እንጂ ዛፍ ላይ አይወጣም። ኮረብታ ላይ ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ድሮ ሜዳ ላይ ሰፍረዋል፤ ኮረብታው ባዶውን ቆሟል። ይህን ሁሉ የሚቆጣጠር የከፍታ ዳኛ የሚባል ሹም ነበረን። የመለኪያ ገመዱን ትከሻው ላይ ጥሎ ሲለካ ይውላል።

ጣራ ግን ያረጃል። ስለዚህ ደምለው ሊወጣ ሲል እኔ ነጋሪት እመታለሁ። ባለወንበሩ ይህን ሲሰሙ ወንበራቸውን አስይዘው ወደ ሰገነታቸው ይወጣሉ። እሳቸው እላይ እስከተቀመጡ ድረስ ደምለው ጣራው ላይ ይሠራል። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸውና ሰገነቱ ነፋሻ ስለሆነ ግን ብዙ አይቆዩም። ልውረድ ሲሉ ነጋሪቱ በሌላ ምት ይመታል፤ ደምለው ሳሩን እንደያዘ ይወርዳል። በዚህ ምክንያት በከተማችን ክዳኑ ያለቀለት ቤት አልነበረም። ሁሉም ሰው ግን በቤቱ ውስጥ ደረቁ ጥግ የት እንደሆነ ያውቃል።

አንድ ቀን ከጣራ ወርዶ ገለባውን ከልብሱ ሲያራግፍ፣ "እላይ ምን ይታያል?" አልኩት።

"ሳር።"

"ሌላስ?"

"አያ ጓንጉል፣ ሌላ የማይበት ጊዜ መቼ ሰጣችሁኝ? ሳር እያየሁ እወጣለሁ፤ ሳር እያየሁ እወርዳለሁ። አንድ ቀን ቀና ብዬ፣ ማንም ሳይጠራኝ፣ ዙሪያውን ሳላይ እንዳልሞት ነው የምፈራው።"

ሲናገር አልሳቀም። ይህ ሰው ከልቡ የሚፈልገው ነገር እንዳለ ያን ጊዜ አወቅኩ።

ከከተማችን በስተምሥራቅ ጥልቅ ገደል አለ። ከገደሉ ባሻገር ሌላ አገር አለ፤ ሰዎቹን ማዶዎች እንላቸዋለን። እነሱም እኛን ማዶዎች ይሉናል የሚባል ወሬ ነበር፤ የከተማችን ሰው ግን አላመነውም።

አንድ ዓመት፣ አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ፣ ማዶዎች ወደ ሰማይ መንኮራኩር ላኩ። ውስጡ አውራ ዶሮ ነበር። መንኮራኩሩ ጭስ እየተፋ ከደመናው በላይ ወጥቶ ጠፋ፤ ከሰዓት በኋላ ዣንጥላ ዘርግቶ ቀስ ብሎ ወረደ። ዶሮው ሲጮኽ ድምፁ ገደሉን ተሻግሮ ተሰማን። የከፍታ ዳኛው ወዲያው ተጠየቀ፤ ዶሮው ከባለወንበሩ በላይ መውጣቱ ጥፋት ነው ወይስ አይደለም? ወፍን ሕጉ አይመለከተውም፣ ዶሮም የወፍ ወገን ነው ብሎ ፈረደ። ፍርዱ ጥሩ ነበር፤ ሰዉን ግን አላጽናናውም። ያን ሰሞን ሰው ከሰው ጋር ሰላም ሲባባል ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ ነበር።

የቀዳሚነት ሹም የሚባልም ሰው ነበረን። ሥራው አገራችን በምን በምን ቀዳሚ እንደሆነች ማወጅ ነው። ከዚያ በፊት በሽንኩርት ቀዳሚ መሆናችንን አውጇል። በጸጥታም ቀዳሚ ነበርን፤ የጸጥታው በዓል ሲከበር ጩኸቱ ሦስት መንደር ይሰማ ነበር። ዶሮው በወረደ በሳምንቱ ሜዳ ላይ ሰበሰበን።

የሚከተለው እንዲገባ አንድ ነገር ልናገር። በእኛ አገር የሕዝብ ድጋፍ የሚታወቀው በመቀመጥ ነው። ጥያቄው ሲቀርብ ሁሉም ቆሞ ይሰማል። የደገፈ ይቀመጣል፤ የተቃወመ ቆሞ ይቀራል። መቆም የማይችሉ አዛውንቶች አስቀድመው እንደደገፉ ይቆጠራሉ። ስለዚህ ማንኛውም ሐሳብ ገና ሳይነገር ጥቂት ደጋፊ ይኖረዋል።

"ማዶዎች ይቅደሙን?" አለ ሹሙ።

"አይቅደሙን!"

"በሰማይ መንገድ ቀዳሚዎቹ እኛ እንሁን?"

ሁሉም ተቀመጠ። በዋዜማው ዘንቦ ነበርና ሜዳው ጭቃ ነው፤ ጭቃው ላይ ተቀመጠ። ይህን የምጽፈው ላሾፍ አይደለም። ሰዉ የልቡን ነው ያደረገው። በማግስቱ ሴቶች የመዳብ ሰታቴያቸውን፣ ወንዶች እርካባቸውን እየተሸከሙ ወደ ብረት ቀጥቃጮች ሰፈር ጎረፉ። ማንም አላስገደዳቸውም። ሰታቴዋ ቀልጦ ሲፈስ እያየች ያለቀሰች ሴት አየሁ፤ የምታለቅሰው በደስታ ነበር።

መንኮራኩሩ ቅርጽ ሲይዝ ሹሙ እንደገና ሰበሰበንና፣ "ማን ይሂድ?" ሲል ጠየቀ። ይህ የሚደገፍ ጥያቄ አይደለም። ሰዉ ግን ለምዶበታልና ተቀመጠ። ደምለው ብቻ ቆሞ ቀረ።

"ትቃወማለህ?" አለው ሹሙ።

"አልቃወምም። እኔ ልሂድ ብዬ ነው።"

"ታዲያ ለምን አትቀመጥም?"

"ተቀምጦ የሄደ ሰው አይቼ አላውቅም።"

ሜዳው በሳቅ ሞላ። ባለወንበሩም ሳቁ፤ ነገሩ በዚያው አለቀ። የሚሄደው ደምለው ሆነ።

የእኔና የእሱን ቤት የሚለየው ስስ አጥር ነው። ከሰዓት በኋላ አጥሩን ሳበጅ ሚስቱ አንጓች ስትናገረው እሰማለሁ።

"አንተ ሰውዬ፣ የራስህ ቤት እያፈሰሰ ሰማይ ልትከድን ነው?"

"ሰማይ አይከደንም፣ አንጓች።"

"እሱን እኮ ነው የምልህ!"

"ዙሪያውን አይቼ እመለሳለሁ" አላት።

"እንደ ዶሮው?"

"እንደ ዶሮው።"

"ዶሮው እንኳን ጥሬ ተቋጥሮለታል ይባላል" አለችና ወደ ጓዳ ገባች። ወዲያው ገብስ ስትቆላ ሰማሁ። እንደፈቀደችለት ገባኝ።

መንኮራኩሩ ክዳኑ ብቻ ሲቀር የከፍታ ዳኛው ገመዱን ይዞ መጣ። ብረት ቀጥቃጮቹን ሳይሆን ደምለውን ጠራው።

"ይህ ነገር ሲነሳ የት ትሆናለህ?"

"ሰማይ ላይ።"

"ባለወንበሩስ?"

"ወንበራቸው ላይ።"

ዳኛው ገመዱን መልሶ ጠቀለለ። "እንግዲያው አይሆንም" አለ።

ከተማው ተረበሸ። አንዱ፣ ባለወንበሩ ራሳቸው ይሂዱ አለ፤ እሳቸው ጉልበታቸውን አሳዩት። ሌላው፣ መንኮራኩሩ ከወንበሩ ዝቅ ብሎ ይብረር አለ፤ የቀጥቃጮቹ አለቃ እንደዚያማ ከሆነ ጋሪ ነው፣ ጋሪ ደግሞ አለን አለው። በመጨረሻ የቀዳሚነት ሹሙ መፍትሔ አገኘ። ወንበሩ ከፍ ይበል። መንኮራኩሩ ከሚደርስበት ትንሽ የሚበልጥ ማማ ይሠራና ባለወንበሩ ከጫፉ ይቀመጡ፤ ደምለው ከዚያ በታች በነጻነት ሰማይ ይውጣ። "ባለወንበሩ ከማንም ዝቅ ይበሉ?" ብሎ ጠየቀ። "ዝቅ አይበሉ!" ተባለ። ማማው ይሠራ ሲባል ሁሉም ተቀመጠ፤ ደምለውም ተቀመጠ። ትንሽ ከፍታ ብቻ ነው የቀረው ብለውት ነበር።

ማማውን የሚሠራው ማን ነው? ከፍታ የለመደ ከደምለው በቀር የለም። ችግሩ እዚህ ላይ ነበር። ደምለው እንጨት ለማሰር ሲወጣ ከወንበሩ በላይ ይሆናል። ወንበሩ አስቀድሞ እንዳይወጣ የሚቀመጥበት ገና አልተሠራም። የከፍታ ዳኛው ነገሩን ሲያወጣ ሲያወርድ ሰንብቶ መላውን ያገኘ ዕለት ሰውነቱ ቀሎት ታየ። ወንበሩ በቆዳ ማሰሪያ በደምለው ጀርባ ላይ ይታሰር፤ ባለወንበሩ እሱ ላይ ይቀመጡ። የደምለው ራስ ከባለወንበሩ ትከሻ ዝቅ ስለሚል፣ የትም ቢወጣ ሕጉ አይጣስም።

እንዲህ ሆነ። ጠዋት ጠዋት ደምለው ይንበረከካል፤ ባለወንበሩ ይቀመጣሉ፤ እሱ በአንድ እጁ መወጣጫውን፣ በሌላው አግዳሚውን ይዞ ይወጣል። ከሥር ሆኜ ሳያቸው አንድ ረጅም ሰው ይመስሉ ነበር። ባለወንበሩ ከፍታ ይፈራሉ። እግራቸው መሬት ከለቀቀበት ጊዜ ጀምሮ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው። ሰገነት ላይም ጨፍነው ይቀመጡ እንደነበር የታወቀው ያን ጊዜ ነው።

እላይ የሚነጋገሩትን ደምለው ይነግረኝ ነበር።

"ደምለው።"

"አቤት ጌታዬ።"

"ምን ይታያል?"

"ዓይንዎን ቢገልጡት ያዩታል።"

"አልገልጥም። አንተ ንገረኝ።"

ደምለው ይነግራቸዋል። ከገደሉ ሥር ወንዝ አለ፤ ከማዶዎች ከተማ ባሻገር ሌላ ከተማ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ነጭ ሜዳ አለ፣ ጨው ይሁን ውሃ አይለይም። ባለወንበሩ ልብ ብለው ያዳምጣሉ። አንድ ቀን ታዲያ፣ "ከባድ ነኝ?" አሉት።

"ነዎት ጌታዬ።"

"ማማው ያለቀ ዕለት እለቅሃለሁ። ትሄዳለህ። ቃሌ ነው።"

ደምለው ይህን ሲነግረኝ ጀርባው በማሰሪያው ተልጦ አንጓች ቅቤ እየቀባችው ነበር። "ሰማህ አያ፣ ቃላቸው ነው" አለኝ። አንጓች ቅቤውን ጫን አድርጋ ቀባችው።

እንጨት አለቀ። ሰዉ የአጥሩን እንጨት ነቅሎ ሰጠ። አጥር አለቀ፤ የጣራውን ማገር ሰጠ። ቀጥሎ መጋጠሚያው መዳብ ያስፈልገዋል ተባለ፤ መዳብ ያለው ደግሞ መንኮራኩሩ ላይ ብቻ ነው። ሹሙ ሰበሰበን። ክዳኑ ይነሳ ተባለ፣ ሰዉ ተቀመጠ። ሌላ ቀን በሩ ይነሳ ተባለ፣ ተቀመጠ። ጎንና ጎኑ ይነሳ ሲባል ደምለው ቆሞ ቀረ።

"ምን ትቃወማለህ?"

"በምን ልሄድ ነው?"

"ማማው ሲያልቅ መንኮራኩሩ እንደገና ይሠራልሃል።"

"ከምን?"

"ከማማው" አለ ሹሙ።

አጠገቡ የተቀመጡት የልብሱን ጫፍ ይዘው ይጎትቱት ጀመር። "ተቀመጥ እንጂ ደምለው! ይህ ሁሉ ላንተው አይደለም እንዴ?" ይሉታል። እውነታቸውን ነው፤ ሰዎቹ ይወዱት ነበር። የጣራ ማገራቸውን ሰጥተው በዝናብ የሚያድሩት እሱ ሰማይ እንዲወጣ ነው። ደምለው ፊታቸውን አየና ተቀመጠ።

ማማው የደመና ከፍታ የነካ ዕለት በዓል ሆነ። ጠዋት ነበር፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ሰዉ ሜዳውን ሞልቷል። ደምለው ባለወንበሩን አዝሎ ጫፉ ላይ ነው። የቀዳሚነት ሹሙ ንግግሩን ሊጀምር ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ ከገደሉ ማዶ ምድር ተንቀጠቀጠች።

መንኮራኩር ነበር። ያሁኑ ከዶሮው ይበልጣል። ሆዱ ላይ መስኮት ነበረው፤ ከመስኮቱ አንዲት ሴት ቀይ ሻሽ ታውለበልባለች አሉ። የእኔ ዓይን ደክሟል፤ ጭሱን ብቻ አየሁ። በማማችን ግማሽ አለፈ፤ ማማችንን አለፈ፤ ሽቅብ ሄደ።

"ከወንበሩ በላይ ነው!" ብሎ ጮኸ የከፍታ ዳኛው። "ጓንጉል! ነጋሪት ምታ!"

"የቱን?"

"የውረዱን ነዋ!"

መታሁ። መንኮራኩሩ አልወረደም።

"ድገመው!"

ደገምኩት። የውረዱን ምት የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ስለነበር የወረደው ደምለው ነው።

ከመውረዱ በፊት እላይ የተባለውን ኋላ፣ ሰዉ እልል ሲል፣ ጠጋ ብሎ ነግሮኛል። ባለወንበሩ፣ "ምንድን ነው የሚያገሳው?" አሉት።

"ሰው እያለፈ ነው።"

"የት ጋ?"

"ከእኛ በላይ።"

ባለወንበሩ ያን ጊዜ ዓይናቸውን ገለጡ። መንኮራኩሩ ነጥብ እስኪያህል ድረስ አንጋጠው አዩት። ደምለው ቃላቸውን የሚያስታውሱ መሰለው። እሳቸው ግን፣ "ማማው ገና ብዙ ይቀረዋል ማለት ነው" አሉ።

ሜዳው ላይ ሲደርሱ ሰዉ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። እንደዚያ ያለ ዝምታ በጸጥታችን በዓልም አልሰማሁም። የቀዳሚነት ሹሙ ብዙ አሰበ። ቆይቶ ፊቱ በራ።

"ልጠይቃችሁ" አለ። "ማዶዎች ሲወጡ ማዶዎች ያዩት ከየት ሆነው ነው? ከሥር! ከከፍታ ላይ ሆኖ በቅርብ ያያቸው ማን ነው? እኛ ነን! ሰው ወደ ሰማይ ሲሄድ ከማማ ላይ በማየት በዓለም ቀዳሚዎቹ እኛ አይደለንም?"

ሰዉ መጀመሪያ እርስ በርሱ ተያየ። አንዲት ሴት እልል አለች። ሌላዋ ተቀበለቻት። ከዚያ ሜዳው ሁሉ እልልታ ሆነ፤ ሁሉም ተቀመጠ። ሹሙ ቀጠለ፤ "ማማው ከዚህም በላይ ከፍ ይበል?" አለ። ሁሉም ቀድሞውኑ ተቀምጦ ስለነበር ጸደቀ።

ደምለው ወንበሩን እንዳዘለ መሐል ሜዳ ቆሟል።

"እኔም የምጠይቀው አለኝ" አለ።

"የሚጠይቀው ሹም ነው" አለው ሹሙ።

ከጀርባው ሆነው ባለወንበሩ፣ "ይጠይቅ" አሉ።

"ማዶዎች ጋ መንኮራኩር አለ። ሄጄ ውሰዱኝ ልላቸው ነው። የምትለቁኝ ተቀመጡልኝ።"

የከፍታ ዳኛው እጁን አነሳ። "የተቀመጠ ሰው መቀመጥ አይችልም" አለ። "ለፊተኛው ጥያቄ የተቀመጡ ናቸው። ላንተ የሚቆጠረው ተነስቶ የተቀመጠ ነው።"

"ይነሱ እንጂ" አለ ደምለው።

ዙሪያውን አየ። እኔም አየሁ። አንዱ መዳፉን መሬት ላይ ተክሎ ወገቡን ከፍ አደረገና ግራ ቀኙን አይቶ መለሰው። የቀጥቃጮቹ አለቃ በአንድ ጉልበቱ ቆመና ጫማውን እንደሚያስር ሆነ። ከተነሳ፣ ቀዳሚ መሆናችንን ተቃወመ ይባላል። ማንም ይህን አልፈለገም። ከኋላ አንዲት ሴት፣ "ደምለው፣ አትሂድብን!" ብላ አለቀሰች።

አንጓች ተነሳች። ቀሚሷን አራገፈች።

"አንቺ ሴት" አለ ሹሙ፣ "በማየት ቀዳሚ መሆናችንን ትቃወሚያለሽ?"

"ኧረ እኔ ምን አገባኝ! ለመቀመጥ ነው የተነሳሁት" አለችና መልሳ ተቀመጠች።

ሹሙ ወደ ዳኛው ዞረ። ዳኛው ገመዱን እየዳሰሰ አሰበ። "አንድ ደጋፊ አለ" አለ። "ቆሞ የቀረ ተቃዋሚ የለም። ጸድቋል።"

"ወደ ሰማይ እኮ ነው የሚሄደው!" አለ ሹሙ። "ከወንበሩ በላይ!"

"ያ ኋላ ነው። ማዶ የሚወስደው መንገድ በገደሉ ነው፤ ገደሉ ቁልቁል ነው። ቁልቁል የሚሄድ ሰው የሚከለክል ሕግ የለኝም።"

ደምለው ተንበረከከ። ማሰሪያውን ፈታ፤ ወንበሩን ባለወንበሩ እንዳይናወጡ ቀስ አድርጎ መሬት አስያዘው። ሲነሳ ወገቡ ወዲያው አልቃናለትም። ባለወንበሩ ዓይናቸው ተገልጦ ነበር።

"እኔንስ ማን ይሸከመኛል?" አሉ።

ሰዉ ሁሉ እንደተቀመጠ ነው። ሹሙ ይህንንም ሙሉ ድጋፍ ብሎ አወጀው።

ደምለው እጁን ዘርግቶ አንጓችን አስነሳት። ሜዳውን አቋርጠው ወደ ገደሉ ሄዱ። አፋፉ ላይ ሲደርሱ ደምለው ቆመና ጭሱ የሄደበትን ቀና ብሎ ያይ ጀመር፤ ብዙ ቆየ። አንጓች አልጠራችውም። ሌላው ሰው ተቀምጦ ስለነበር አይታየውም፤ ነጋሪት መቺ ቆሞ ነው የሚውለው፣ ድምፁም አይቆጠርም፣ ስለዚህ እኔ አየኋቸው። መጀመሪያ የአንጓች ራስ፣ ቀጥሎ የደምለው ከአፋፉ በታች ጠፋ። ጭሱ ገና ሰማይ ላይ ነበር።